የገብስማ ላባና የዲንሾ ትራውት

መዳፍ ላይ ስትቀመጥ ክብደት የላትም። ርዝመቷ ከትንሿ ጣት ጥፍር ያንሳል። አንዲት ቀጭን መንጠቆ፣ ጥቂት ዙር ክር፣ ቁንጣሪ ሱፍ፣ ከሁለት ዶሮ የተነቀለ ላባ፤ ሌላ ነገር የላትም። ከሩቅ ላያት ሰው ከጋቢ ላይ የተራገፈች ጉድፍ ናት። ቀረብ ብሎ ላያት ግን የላባው ፀጉር አንዱ ከሌላው ሳይበልጥ በመንጠቆዋ ዙሪያ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጅራቷ የመንጠቆዋን ግንድ ያህል ነው፤ አይረዝምም፣ አያጥርም። ክሩ ያለቀበት ቋጠሮ ደግሞ ቢፈልጉትም አይገኝም። ይህቺን ሰው ሠራሽ ዝንብ ዲንሾ ውስጥ አንድ ወጣት መንገድ መሪ በፒንሳና በመቀስ ሲሠራት አጠገቡ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ስሙን አላነሳም፤ እጁን ግን ሳላደንቅ ማለፍ አልሆነልኝም።

ዲንሾ ከሮቤ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ከፍታዋ ከ3,000 ሜትር የሚያልፍ ብርዳም ከተማ ናት። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው። እንግዳ ወደዚያ የሚሄደው የደጋ አጋዘን ሊያይ ነው፤ ወይም በጎባ በኩል ሽቅብ ወጥቶ ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ ሊፈልግ። ከከተማዋ ሥር ዳንካ የምትባል ጠባብ ወንዝ ግጦሹን ሰንጥቃ እንደምትወርድ ልብ የሚል ጥቂት ነው። ዳንካ ወርዳ ወይብን ትቀላቀላለች። ወይብም ሄዶ ሄዶ ቆላ ሲደርስ በሶፍ ዑመር ዋሻ ሥር የሚያልፈው ያው ወንዝ ነው። እላይ ራስጌው ዘንድ ግን ገና ጎረምሳ ነው፤ ውኃው እጅ ያደነዝዛል፤ ከድንጋይ ድንጋይ እየተላጋ ሲወርድም አየር ይጠግባል። ትራውት የሚባለው ዓሣ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ቀዝቃዛና አየር ያለው ውኃ፣ እንቁላሉን የሚቀብርበት ንጹህ ጠጠር። ውኃው 20 ዲግሪ ማለፍ ሲጀምር መብላት ያስጠላዋል፤ ከዚያም ሲብስ ይሞታል።

ዓሣው የባሌ ተወላጅ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. ገደማ ከኬንያ መጥቶ በእነዚህ ወንዞች ተለቀቀ። ሁለት ዓይነት ነው፤ ቡኒው ትራውትና ቀስተ ደመናው ትራውት። ኬንያም ብትሆን ተቀባይ ነበረች። የቡኒው እንቁላል ስኮትላንድ ካለው ከሎክ ሌቨን ሐይቅ ተነሥቶ ወደ አበርዴር ተራሮች የገባው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። የቀስተ ደመናው የዘር አገር ደግሞ የሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ነው። ይህን ሁሉ ባሕር አቋርጦ የመጣ ሥጋ በል ዓሣ፣ ሌላ ቦታ የማይገኙ እንቁራሪቶች ባሉበት ተራራ መለቀቁ ዛሬ ቢሆን የሚፈቀድ አይመስለኝም፤ መከልከሉንም እደግፋለሁ። ዓሣውን መውደዴ ይህን አያስረሳኝም። አንዴ ገብቷል፤ ወልዷል፤ ሰውም እሱን ለመያዝ እጁን አሠልጥኗል። እኔ የምናገረው ስለዚያ እጅ ነው።

መንገድ መሪው ላባውን የሚያገኘው ከሮቤ ገበያ ነው። ዶሮውን ይገዛል፤ ሥጋው ለወጥ፣ አንገቱ ለመንጠቆ። አገራችን ለዶሮ መልክ ስም አትሰስትም፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ወሰራ፣ ተረቻ፣ ዥግርማ፣ ገብስማ። ለዚህ ሥራ የሚመረጡት ቀዩና ገብስማው ናቸው። ገብስማ ላባ አመድማና ጠቆር ያለ መስመር ይፈራረቅበታል፤ ብርሃን ሲያገኘው መስመሮቹ ዓይን ያምታታሉ፤ የቆመው ነገር የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1922 በአሜሪካ ሚሺጋን ሊዮናርድ ሃላዴይ የተባለ ሰው አዳምስ የምትባለውን ዝንብ ሲሠራ ያዋሃደው እነዚህኑ ሁለት መልኮች ነው፤ ቡኒውንና ባለ መስመሩን ግራጫ። አዳምስ የአንድም ነፍሳት ልክ ቅጂ አይደለችም። ብዙዎቹን በጥቂት በጥቂቱ ትመስላለች፤ መቶ ዓመት ሙሉ ከአጥማጆች ሳጥን ያልወጣችውም ለዚህ ነው።

ላባ ሁሉ ላባ አይደለም። የሴቷ ዶሮ ላባ ለስላሳ ነው፤ ውኃ ይጠጣና ዝንቧን ያሰጥማል። የጫጩትም አይሆንም። የሚፈለገው ዕድሜ የጠገበ አውራ ዶሮ የአንገት ላባ ነው፤ ፀጉሩ ደርቆ የጠነከረ፣ ሲያብለጨልጭ ዘይት የተቀባ የሚመስል። መንገድ መሪው ላባውን በሁለት ጣቱ ይዞ ከጫፍ ወደ ሥር በተቃራኒው ያሸዋል፤ ፀጉሩ ብድግ ይላል፤ ከዚያ ከመንጠቆዋ አፍ ጋር ያስተያየዋል። የላባው ፀጉር የመንጠቆዋን አፍ ስፋት አንድ ተኩል ጊዜ መሆን አለበት። ከዚያ ከበለጠ ዝንቧ ተንጠራርታ ትወድቃለች፤ ካነሰ ሆዷ ውኃ ይነካል። ያልሆነውን ያለ ርኅራኄ ይጥላል። ከአንድ አንገት ላይ የሚጥለው ከሚያስቀረው ይበልጣል።

ፒንሳው እጀታው በካላማዳሪ ተጠፍሮ መንጠቆዋን ነክሶ ይይዝለታል። ክሩን ከመንጠቆዋ ቀዳዳ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይጀምርና ዙሩን ሳያነባብር ጎን ለጎን እያስተኛ ወደ ጎባጣው ይወርዳል። ጥቂት የላባ ፀጉር ለጅራት ያስራል። ገላዋን የሚሠራው ከግራጫ የበግ ሱፍ ነው፤ ሱፉን በሰም በተቀባው ክር ላይ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል ያሾረዋል፤ በጣም ትንሽ፣ ክሩን ያጠቆረው እስኪመስል ድረስ ብቻ። እዚህ ላይ ነው ጀማሪ ሁሉ የሚያበላሸው፤ ሱፍ ያበዛል፤ ዝንቧ ትወፍራለች። እሱ ከያዘው ቁንጣሪ ላይ ደግሞ ግማሹን ይመልሳል። ከዚያ ቀዩንና ገብስማውን ላባ አንድ ላይ አስሮ ያዞራቸዋል፤ ሁለተኛው ላባ በመጀመሪያው ክፍተት ውስጥ ሲያልፍ እጁን ግራና ቀኝ በጥቂቱ እያወዛወዘ የቆመውን ፀጉር ሳያስተኛ ያሳልፈዋል። ከመንጠቆዋ ቀዳዳ ኋላ ለቋጠሮ የሚሆን ባዶ ቦታ ቀድሞ ትቷል። ያቺን ቦታ ከመጀመሪያው ያላሰበ ሰው መጨረሻው ላይ ቀዳዳውን በክር ይደፍነዋል፤ ወንዝ ዳር ቆሞም ናይለኑን ማስገቢያ ያጣል።

የላባው እኩልነት ለዓይን ማማር ብቻ አይምሰላችሁ። ትራውት ከታች ሆኖ ሽቅብ ሲያይ የውኃው ገጽ ሁሉ ግልጽ አይደለም። በቀጥታ ከራሱ በላይ ባለ ክብ መስኮት በኩል ብቻ ውጭውን ያያል፤ ከክቡ ወዲያ ያለው ገጽ የወንዙን ወለል መልሶ የሚያሳየው መስታወት ነው። ስለዚህ ወደ እሱ የምትንሳፈፈውን ዝንብ መጀመሪያ የሚያያት ገላዋን አይደለም፤ የላባዋ ጫፎች መስታወቱን የረገጡባቸውን ጥቃቅን የብርሃን ነጥቦች ነው። እውነተኛዋ ነፍሳትም በእግሮቿ የምትጽፈው ያንኑ ነው። ፀጉሩ ከተበላለጠ ዝንቧ በጎኗ ትተኛለች፤ ጽሑፉ ይበላሻል፤ ዓሣው ገና ገላዋን ሳያይ ነገሩን ይተዋል። ዲንሾ ላይ በሁለት ጣት የተያዘችው ላባ የተለካችው ለዚያ ከታች ላለው ዓይን ነው።

ዘዴው የጥንት ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ኤሊያን ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት፣ የመቄዶንያ ሰዎች መንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍ ጠምጥመው፣ ከአውራ ዶሮ ጉሮሮ ሥር የተነቀለ ሁለት ላባ አስረው፣ ነጠብጣባም ዓሣ እንደሚይዙ ጽፏል። የድሮዎቹ አውሮፓውያን አጥማጆች ክራቸው የፈረስ ጭራ ነበር። ባሌ ደግሞ የፈረስ አገር ነው፤ እኛ ግን ከዚያ ጭራ ማሲንቆ አውጥተን፣ የቀረውን ዝንብ ማባረሪያ አደረግነው። በዝንብ ዓሣ ለማጥመድ እንዲውል ማንም አላሰበም።

ወንዙ ዳር ሲወርዱ የእጁ ሥራ መልኩን ይለውጣል። በሌላው ዓይነት ማጥመድ ክሩን ወደፊት የሚጎትተው የሚወረወረው ነገር ክብደት ነው፤ እርሳስ ወይም ትል የተሰካበት መንጠቆ። ይህቺ ዝንብ ግን ክብደት የላትም። ስለዚህ የሚወረወረው ክሩ ራሱ ነው፤ ወፍራም፣ በልክ የተሠራ ከባድ ክር፤ ከጫፉ ናይለን እየቀጠነ ይሄድና መጨረሻው 0.15 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ዘንጉ ወደ ኋላ ይነሣል፤ ክሩ በአየር ላይ እስኪዘረጋ ይታገሣል፤ ከዚያ ወደፊት ይላካል። ጥበቡ ያለው በትዕግሥቱ ላይ ነው። ቸኩሎ ወደፊት የመለሰው ሰው ጅራፍ ያጮሃል፤ ዝንቧም ተበጥሳ ትቀራለች። የዘገየው ደግሞ ከኋላው ያለውን ሣር ያጠምዳል፤ በዳንካ ዳርቻ ላይ ከሆነም ላም። መንገድ መሪው ዘወር ብሎ ከብቶቹን ሳያይ ዘንጉን አንሥቶ አያውቅም።

ሲወረውር ክሩ በአየር ላይ የሚሠራው ቀለበት ጠባብ ነው። ጉልበቱን ከመጨረሻው ጋት በፊት ይገታዋል፤ ናይለኑ ተዘርግቶ ያልቃል፤ ዝንቧም ከተጣለች ይልቅ የተቀመጠች ትመስላለች። ከዚያ በኋላ የሚመጣው፣ ለእኔ ከውርወራው ሁሉ የሚበልጠው ነገር ነው። የወንዙ መሃል ይፈጥናል፤ ዳርና ዳሩ ይዘገያል። ክሩ ፈጣኑን ውኃ አቋርጦ ስለተኛ ወዲያው እየጎበጠ ዝንቧን መጎተት ይጀምራል። ዝንብ ደግሞ ውኃ ላይ አትጎተትም፤ ውኃው እንደወሰዳት ትሄዳለች። አንድ ጣት የማትሞላ መጎተት ዓሣውን ታስደነብራለች። እናም ክሩ ውኃ ሳይነካ በፊት የዘንጉን ጫፍ ሽቅብ ወደ ወንዙ ራስጌ ያዘነብለዋል፤ ክሩ ጎብጦ ይወድቃል፤ ወንዙ ያቺን ጉብታ እስኪያቃና ድረስ ዝንቧ ነጻ ናት። ሁለት ሦስት ሜትር ትንሳፈፋለች። ከዳር ለሚያይ ሰው ምንም አልተሠራም፤ ያቺን ሁለት ሦስት ሜትር ለማግኘት ግን ሰው ዓመታት ይፈጅበታል።

በእንግሊዝ አገር የዓሣ አጥማጆች ክበቦች የራሳቸው ኩሬ አላቸው፤ ካርፕ የሚባል ዓሣ ይሞሉትና አባሎቻቸው በዕጣ በደረሳቸው ቦታ ተቀምጠው ይወዳደራሉ። ፊሽካ ሲነፋ ይጀመራል፤ ፊሽካ ሲነፋ ያበቃል፤ ዓሣው በመረብ ተከማችቶ ይመዘናል፤ ኪሎ ያበዛ ያሸንፋል። ካርፕ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ዝዋይና ቆቃ ላይ በመረብ ይወጣል፤ ሰበታ ባለው የዓሣ ምርምር ማዕከልም ይረባል። የኩሬው ተወዳዳሪ ሥራ ቀላል ነው አልልም፤ ተንሳፋፊውን በጥቃቅን እርሳስ እየመጠነ፣ ጫፉ ብቻ ከውኃ በላይ እስኪቀር ድረስ ሲያስተካክል የሚያሳየው ጥንቃቄ ከዲንሾው ጋር ይወዳደራል። ሚዛኑን ግን አልወደውም። ሚዛን የሚናገረው ስለ ዓሣው ብቻ ነው፤ ያ ሁሉ የእጅ ልክ ኪሎ ውስጥ ይጠፋል። ዳንካ ላይ ፊሽካም ሚዛንም የለም። ከፓርኩ ፈቃድ ይወሰዳል፤ ፀሐይ ውኃውን እስክታሞቀው፣ ነፍሳቱም መነሣት እስኪጀምሩ ይጠበቃል። ሰዓቱን የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

ከሮቤ አጠገብ በምታልፈው ሻያ ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት አጥማጅ አለ። እዚያ አንድ ልጅ እንጨት ቆርጦ፣ ናይለን አስሮ፣ ትል ሰክቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። የያዝኳትን ዝንብ ጠጋ ብሎ አየና «ጋሼ፣ ላባ እኮ ነው፤ አይበላውም። ትል ልስጥዎት?» አለኝ። ከልቡ ነው ያዘነልኝ። የእሱም ሥራ ልክ አለው፤ ትሉን አንድ ጊዜ ብቻ ወግቶ ጫፉን ነጻ ስለሚተወው ትሉ ውኃ ውስጥ ይወራጫል፤ እንጨቱንም ጥላው ውኃ ላይ እንዳያርፍ አጋድሞ ነው የያዘው። ማንም አላስተማረውም።

ልጁ ስለ ላባዋ ያለው ነገር አብዛኛውን ቀን እውነት ነው። ትራውት ከሚበላው አብዛኛውን የሚያገኘው ከውኃው ሥር ነው። ሜይፍላይ የሚሏት ነፍሳት ክንፍ አውጥታ የምትኖረው ለሰዓታት፣ ቢበዛ ለአንድ ሁለት ቀን ነው፤ ያን ጊዜም አትበላም፤ የሚሠራ አፍ የላትም። ከዚያ በፊት ያለውን ረጅሙን ዕድሜዋን በድንጋይ ሥር ውኃ ውስጥ ታሳልፋለች። ከዳንካ ውኃ ውስጥ አንድ ድንጋይ አንሥተው ቢገለብጡት ቡኒ ጥቃቅን ነገሮች ወዲያና ወዲህ ሲሯሯጡ ይታያሉ። እነሱን የሚመስል ነገር ለመሥራት የሞከሩ ብዙ ናቸው፤ እግር ያበጁላቸዋል፣ ዓይን ይተክሉላቸዋል፣ ሱቅ ውስጥ ሲታዩ ያምራሉ። ፍራንክ ሶየር ግን ተቃራኒውን አደረገ። ሶየር በደቡብ እንግሊዝ የኤቨን ወንዝ ጠባቂ ነበር፤ ሥራው ውኃ ውስጥ ሲያዩ መዋል ነው። እነዚህ ነፍሳት ሲዋኙ እግራቸውን ወደ ሰውነታቸው እንደሚያጣብቁ አየ። ስለዚህ እግር አላበጀላቸውም። ክርም ተወ፤ በክር ፋንታ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠቀመ። ሽቦው ያስራል፣ ክብደት ሆኖ ያሰጥማል፣ በላባው መሃል ብልጭ እያለ ሕይወት ይሰጣል። አንድ ነገር ሦስት ሥራ ሠራ። የቀረው ከፌዛንት ወፍ ጅራት የተወሰደ አራት ቀይ ቡኒ የላባ ፀጉር ብቻ ነው፤ ጫፎቹ ጅራት ይሆናሉ፣ ቀሪው ከሽቦው ጋር ተገምዶ ገላ ይሆናል፣ ትራፊው ደግሞ ፊትና ኋላ እየታጠፈ የትከሻዋን ጉብታ ይሠራል። ከመንጠቆዋ ጋር ሦስት ነገር ብቻ። ከዚህ ላይ የሚቀነስ አለ የሚል ሰው ካለ ሠርቶ ያሳየኝ።

ባሌ ውስጥ ፌዛንት የለም። መንገድ መሪው የቀይ ዶሮ የክንፍ ላባ ይጠቀማል፤ ሽቦውን ከተበላሸ ሬዲዮ ፈታው። ሽቦውን ሲያዞር ጥርሱን ነክሶ ነው፤ ከላላ ገላዋ ይዞራል፤ ከጠበቀ ላባው ይበጠሳል። ናይለኑን ከመንጠቆዋ ጋር ሲያስር ደግሞ ቋጠሮውን ከማጥበቁ በፊት በምራቁ ያርሰዋል፤ ደረቅ ናይለን ሲሳብ ሰበቃው ያግለዋል፤ የጋለ ናይለን ይዳከማል። ከዚያ በመንጠቆዋ ጫፍ ላይ ወደ ኋላ የዞረችውን እሾህ በፒንሳው ጨፍልቆ ያስተኛታል፤ መልሶ የሚለቀውን ዓሣ አፍ እንዳትቀድ።

የሰመጠችው ዝንብ አትታይም። መንገድ መሪው የሚያየው ናይለኑ ውኃውን የሚነካበትን ነጥብ ነው። ነጥቡ ከወንዙ ጋር እየሄደ እያለ ለአፍታ ቆመ፤ እኔ ሳላየው እሱ ዘንጉን አነሣ። ትራውት ሐሰተኛውን ነገር አፉ ውስጥ የሚያቆየው ለቅጽበት ነው፤ ቀምሶ ይተፋል፤ በዚያች ቅጽበት ያልተነሣ ዘንግ ባዶውን ይነሣል። እጁን አርሶ ዓሣውን ከውኃው ሳያርቅ ያዘው፤ ደረቅ እጅ የዓሣውን ልሀጭ ይገፈዋል፤ ልሀጩም ከበሽታ የሚከላከልለት ነው። ቡኒ ትራውት ነበር። ሆዱ ቅቤማ፣ ጎኑ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ፣ በመሃል በመሃሉ ደግሞ ነጣ ባለ ቀለበት የተከበቡ ቀይ ነጥቦች። ከጀርባ ክንፉና ከጅራቱ መሃል አጥንት የሌለባት ትንሽ የሥጋ ክንፍ አለችው፤ ጫፏ ብርቱካንማ ነበር። እሱ ይህን ሁሉ ሳያይ ፈቶ ለቀቀው፤ ውኃ ውስጥ ፊቱን ወደ ራስጌው አዙሮ እስኪተነፍስ ድረስ ግን እጁን ከሥሩ አላነሣም።

ዝንቧን ሲመልሳት አየኋት። ጥርስ አግኝቷታል፤ ሁለት የላባ ፀጉር ተበጥሶ በጎኗ ተንጠልጥሏል፤ ሽቦው ገላጣ ሆኖ ይታያል። ቆንጆ አልነበረችም። ከሳጥኑ ሌላ እንዲሰጠኝ ስጠይቀው፣ ያልተነኩትን አዳዲሶች በጣቱ ገፋ አድርጎ፣ እንደዚህቺው የተቦጫጨቀች አንዲት መርጦ አወጣልኝ። አዲስ ስትሆን ፀጉሩ ገና ስላልተበታተነ ውኃ ውስጥ ግትር ትላለች አለ። ለማንም እንደማይሸጣትም ጨምሮ ነገረኝ፤ በነጻ ነው የሰጠኝ።